በኣብርሄት እጅ የታጠፈ ጃንጥላ

ኣብርሄት የአሥመራው የዓባ ሻውል ሰፈር ልጅ ናት። ያደገችበት መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ አህያ ከመጣ ሰው ወደ ደጃፍ ጠጋ ይላል። አባቷ ፍራሽ ይሞላ ስለነበር ቤታቸው ከጥጥ ብናኝ ጠርቶ አያውቅም፤ እናቷ ቀኑን ሙሉ ያንን ብናኝ ስትጠርግ ኖራ ሞተች። በአሥራ አምስት ዓመቷ ኣብርሄት ካቴድራሉ አጠገብ የሙሽራ ልብስ የምትሰፋ አንዲት ጣሊያናዊት ዘንድ ተቀጠረች። ሴትዮዋ ኃይለኛ ነበረች። አንድን ጠርዝ ሦስት ጊዜ ሳታስፈታ አትቀበልም፤ "ሙሽራዋ ስትቀመጥ የሚተረተር ልብስ፣ ልብስ አይደለም" ትላለች። ኣብርሄት እዚያ ሃያ ዓመት ሠራች። በመሃሉ አገባች። ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ በሳንባ በሽታ ሞተባት። ልጅ አልወለዱም። የሥጋ ዘመድ የምትላት ታናሽ እኅቷ ዘቢብ ብቻ ነበረች፤ እሷም ከከረን ወዲያ፣ አንሰባ ወንዝ አጠገብ ወዳለ መንደር ተድራ ሄዳለች።

ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ባንዲራው ከተለወጠ ወዲህ ጣሊያኖቹ አንድ በአንድ ዕቃቸውን እየጫኑ ሄዱ። ሴትዮዋም በ1957 ዓ.ም. ሱቋን ዘጋች። ኣብርሄት ሥራ ፈትታ ጥቂት እንደቆየች፣ ከጎዳይፍ ወዲያ ባለው የአየር ሰፈር ስፌት የምትችል ሴት ይፈለጋል ሲባል ሰማች። የሙሽራ ልብስ ከጦር ሰፈር ጋር ምን አገናኘው እያለች፣ እስኪ ይሁን ብላ በአውቶቡስ ሄደች።

የተቀበሏት የአምሳ አለቃ ንዋይ ነበሩ፤ አንድ እግራቸው የሚያነክስ፣ ቁጥብ የመንዝ ሰው። አንድ የተቀደደ ነጭ ጨርቅ አቀበሏትና "ይህን ድፈኚው፤ ስፌቱ በጣቴ እንዳይታወቀኝ" አሏት። ጨርቁ እንደ ሐር ይንሸራተታል፤ ናይለን ነው። ኣብርሄት መርፌዋን መርጣ ተቀመጠች። ስትጨርስ የአምሳ አለቃው ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን አሳለፉበት፤ መልሰው አሳለፉበት። "ነገ ነይ" አሏት።

ሥራው የፓራሹት ክፍል ነበር። በሰፈሩ ሁሉም "ጃንጥላ" ነው የሚለው። አብራሪው ከጄቱ ለመውጣት ሲገደድ ወንበሩ ከነሰውዬው ወደ ላይ ይተኮሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለችው ነፍስ በዚያ ጨርቅ ላይ ናት። ጃንጥላው ሃያ ስምንት ቁራጭና ሃያ ስምንት ገመድ አለው። በየሁለት ወሩ ይፈታል፤ ረጅሙ ማማ ውስጥ ተሰቅሎ ይናፈሳል፤ ስፌቱ አንድ በአንድ ይታያል፤ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እንደገና ይታጠፋል። አጣፊዋ ስሟንና ቀኑን በትንሽ ካርድ ጽፋ ኪሱ ውስጥ ትከታለች።

"ሰውዬውን ላታውቂው ትችያለሽ" አሏት የአምሳ አለቃ ንዋይ የመጀመሪያውን ካርድ ስትፈርም። "እሱም አያውቅሽም። ጥሩ ሆነ ክፉ፣ ወደድሽው ጠላሽው፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቦታ የለውም። ገመድ ብቻ ነው የምታዪው።"

"እወ ጋሼ፣ ገባኝ" አለች። አማርኛን የለመደችው ከጎልማሳነቷ በኋላ በማታ ትምህርት ስለሆነ፣ ሲያስደነግጧት የትግርኛው "እወ" ቀድሞ ይወጣ ነበር።

አብራሪዎቹ ጃንጥላቸውን ለብሰው ይሄዳሉ እንጂ ማን እንዳጠፈው ጠይቀው አያውቁም። የጠየቀው መቶ አለቃ ክፍሉ ብቻ ነው። የጎጃም ልጅ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ "የእኔን የሚያጥፈው ማን ነው?" አለ። ኣብርሄት እጇን እንደ ተማሪ አነሣች። ገብቶ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አስተጣጠፏን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ። ከዚያ ወዲያ ተራው በደረሰ ቁጥር ይመጣል። መጀመሪያ ላይ አንቱ ትለው ነበር፤ "እትዬ፣ ልጅሽ እሆናለሁ እኮ" ብሎ አስተዋት።

ኣብርሄት የልብስ ሰው ናትና ቅርጽ ዓይኗን ይይዘዋል። አንድ ጠዋት "ክፍሉ፣ ያ የመማሪያው ጄት ክንፉ ቀጥ ያለ ነው። የእናንተው ግን ወደ ኋላ ተጥሏል። ለማማር ነው?" አለችው።

ክፍሉ ሳቀ፤ ግን በቁም ነገር መለሰላት። "አውሮፕላን ሲሄድ ድምፁ ይቀድመዋል። ፊት ለፊት ያለውን አየር 'መጣሁ፣ ዞር በል' ይለዋል፤ አየሩም ከወዲሁ ገለል ይላል። አውሮፕላኑ በድምፅ ልክ መሄድ ሲጀምር ግን አየሩን የሚያስጠነቅቀው የለም። ሳያስበው ይደርስበታል። መሸሻ ያጣ አየር እርስ በርሱ ተደራርቦ ክንፉ ላይ እንደ ግድግዳ ይቆማል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ቀጥ ያለው ክንፍ ይንዘፈዘፋል። ጄት በተጀመረበት ጊዜ ብዙ ጎበዝ የሞተው ምን እንደነካው ሳያውቅ ነው። ቁልቁል ይወርዳል፤ መሪውን ወደ ራሱ ይስባል፤ አፍንጫው አልነሣ ይለዋል። ጅራቱ ላይ ያለችው ትንሽ መታጠፊያ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ስለምትቀር ጉልበት አይኖራትም። መሐንዲሶቹ በኋላ ክንፉን ወደ ኋላ ጣሉት፤ አየሩ ፊት ለፊት መሆኑ ቀርቶ በአግድሞሽ ያገኘዋል፤ ግድግዳው ቶሎ አይቆምም። ጅራቱንም መታጠፊያዋን ትተው ሙሉውን እንዲንቀሳቀስ አደረጉት።"

ኣብርሄት አሰበችበት። "እኛም ጨርቅ በሰያፍ ስንቆርጥ ይለጠጣል እንጂ ቶሎ አይቀደድም" አለች።

"አየሽ፣ ገብቶሻል!"

"ታዲያ የእናንተው ከድምፅ ይቀድማል?"

"በአግድም ሲበር አይቀድምም። ቁልቁል ሲወረወር ግን ያልፈዋል። ያን ጊዜ ከታች ያለ ሰው መድፍ የተተኮሰ ይመስለዋል።"

ይህንን እንኳ ሳይነግራትም ታውቀው ነበር። ከተማው አንዳንድ ቀን ድው ሲል መስኮት ይንቀጠቀጣል፤ የዓባ ሻውል ሴቶች ያማትባሉ፤ ገበያ ላይ ያሉት ቀና ብለው ሲያዩ ሰማዩ ባዶ ነው።

በጥር 1960 ከእነዚያ ቀናት አንዱ መጣ። ኣብርሄት ማማው ውስጥ ጃንጥላ እየሰቀለች ሳለ ድው አለ። ጥቂት ቆይቶ ግቢው ውስጥ ሰዎች ሲሮጡ አየች። የአምሳ አለቃ ንዋይ ስልኩን አንሥተው ሰሙና ቀስ ብለው አስቀመጡት።

"ክፍሉ ነው" አሏት። "ወደ ምፅዋ ቁልቁለት ላይ ጄቱ ወድቋል።"

"እሱስ?"

"አልታወቀም።"

ኣብርሄት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ከአምስት ሳምንት በፊት ያጠፈችውን ከመጀመሪያው ጀምራ በሐሳቧ ደገመችው፤ ገመዱን እንዴት እንደለየች፣ እጥፋቱን በምን እንደያዘች፣ ትንሿን መጎተቻ ጃንጥላ እንዴት እንዳስገባች። አንድም የጎደለ አላገኘችም። ከሰዓት በኋላ ነው ስልኩ እንደገና የጮኸው። ነፋሲት አጠገብ የመንገድ ሠራተኞች ከቁልቋል መካከል አግኝተውታል፤ በሕይወት አለ።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄዳ አየችው። ፊቱ እንደ ዱባ አብጧል፤ የዓይኑ ነጭ ደም ለብሷል፤ ግራ ክንዱ በጀሶ ታስሯል። ነገሩን ራሱ ነገራት። ከአርባ ሺህ ጫማ ገልብጦ ቁልቁል ወረወረው፤ ከድምፅ አለፈ። ከተፈቀደው ከፍታ በታች እስኪወርድ ሳያቃና ቆየ፤ ማንም አላዘዘውም። ሊያቃና ሲስብ ግራ ክንፉ ቁልቁል አዘነበለ፤ መሪው ድንጋይ ሆነ፤ ከኋላው አንድ ነገር ሲገነጠል ተሰማው።

"ጥፋቱ የኔው ነው፤ ለመርማሪ ኮሚቴውም ይህንኑ ነው የምነግረው" አላት። "ወንበሩ ሲያስወጣኝ እትዬ፣ አየር አልነበረም የጠበቀኝ፤ ቤት ነው የወደቀብኝ። የራስ ቁሬን ከራሴ ነቀለው። ከዚያ አላስታውስም። ስነቃ በላዬ ነጭ ነው። ሦስት ቦታ ተቀዷል፤ ግን ይዞኛል። ካርዱን አውጥቼ ስምሽን አነበብኩት።"

ኣብርሄት "ሦስት ቦታ?" አለች። "የትኛው ጋ?"

ክፍሉ እያመመው ሳቀ።

ዳነ፤ በሰባተኛው ወር እንደገና በረረ። የመጀመሪያው በዓል ላይ ዓባ ሻውል ያለው ቤቷ ድረስ በእግሩ መጣ። እናቱ ወይዘሮ የሺሀረግ ራሳቸው የፈተሉትን ነጠላ ልከው ነበር፤ ደብዳቤም አለው። ደብዳቤውን የጻፈላቸው የሰፈራቸው ዲያቆን ነው። "የማላውቅሽ እኅቴ ሆይ፣ ከሰማይ የወደቀውን ልጄን በእጅሽ ተቀብለሽ መልሰሽልኛልና፣ የወለድሽው ያህል ነው" ይላል። ኣብርሄት ይህን ስታነብ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ በዓል ሁሉ እሷ ዘንድ ነው። ጸብሒ የምትለው ወጧ በርበሬው ይበዛል እያለ ይበላል፤ ጎረቤቶቿ በመስኮት እያዩ ይንሾካሾካሉ። "የጦር ሰው ማስገባት ጀመረች" የሚል ወሬ ጆሮዋ ገባ። እሷ ግን ልጅ የሌላት ሴት ናት፤ ልጅ የመጣላት ያህል ተሰምቷት ነበር።

ወሬው በቀልድ አልቀረም። ዓመት በዓመት ነገሩ እየከረረ ሄደ። ከየሰፈሩ ጎልማሳው ወደ አማፂዎቹ፣ ወደ በረሃ ይሰወራል፤ ወታደሩ ከተማው ላይ ይበዛል። በ1963 መግቢያ ላይ ጄቶቹ የሚወጡት ለልምምድ አልነበረም። ከክንፋቸው ሥር የሚንጠለጠለውን ኣብርሄት በመስኮት ታያለች፤ ሲመለሱ ቦታው ባዶ ነው። ክፍሉ ወደ ጠረጴዛው መምጣት ቀነሰ፤ ሲመጣም ስለ ክንፍና ስለ አየር አያወራም። አንድ ቀን "የት ነበርክ?" ብትለው "ሥራ ላይ" አላት። እሷም ገመዷን ማየት ቀጠለች።

ዘቢብ የመጣችው በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው። እህል የጫነ መኪና ከከረን አምጥቶ ፌርማታው ላይ ጣላት። ኣብርሄት በሩን ስትከፍት መጀመሪያ አላወቀቻትም። ቀኝ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ ሲፈታ ጣቶቿ በእሳት ተጣብቀዋል። ባሏ ሃብተሚካኤል ሞቷል። ቤቱ፣ ጎተራው፣ ከብቶቹ፣ ሁሉም ነዷል።

"የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው" አለች ዘቢብ ሻሂ ቀምሳ ስትረጋጋ፤ በትግርኛ ነበር የሚያወሩት። "ሰው አውድማ ላይ ነበር። ምንም አልሰማንም፤ ማርያምን ምንም አልሰማንም። የአውሮፕላኖቹ ድምፅ የመጣው በኋላ ነው። ቀድሞ ቢሰማን ወደ ወንዙ እንሮጥ ነበር። ያስጠነቀቀን የለም።"

ኣብርሄት ማንኪያዋን አስቀመጠች። ክፍሉ ስለ አየሩ የነገራት ነገር ቃል በቃል በእኅቷ አፍ መጣባት። ያን ዕለት እጁን እያወናጨፈ ሲያስረዳት እንዴት ደስ ብሏት እንደነበረ አስታወሰች፤ አፈረችም።

እኅቷ የምትሠራበትን ቦታ ታውቃለች፤ የምትሠራውን ግን አታውቅም ነበር። ኣብርሄትም አልነገረቻትም። ገና ደረሰ። ክፍሉ እንደ ልማዱ ስኳርና ሻሂ ይዞ በረፋዱ መጣ። ኣብርሄት እንዳይመጣ ልትልክበት አስባ ነበር፤ በማን ትልካለች? ጎንበስ ብሎ ገባ። ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ሴት አይቶ እጅ ነሣ።

"እኅቴ ናት" አለች ኣብርሄት።

"እግዚአብሔር ይማርሽ። እትዬ፣ እጇን ምን ሆና ነው?"

ኣብርሄት ሻሂውን ቀዳች። "እሳት ነው። ከአንሰባ ማዶ ነው የመጣችው። የኅዳር ሚካኤል ማግስት።"

ክፍሉ ብርጭቆውን ሊያነሣ ዘርግቶት የነበረውን እጅ መለሰ። ግድግዳው ላይ ያለውን የመድኃኔ ዓለም ሥዕል አየ፤ ወደ በሩ አየ፤ ወደ ዘቢብ እጅ ግን አላየም።

"ሽፍቶች ናቸው የተባልነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እትዬ፣ ከላይ ሲታይ ሰው አይመስልም። በዚያ ፍጥነት የምታዪው ጣራና ጭስ ነው። የሰጡን ካርታ ነው፤ ሰዓት ነው።"

ዘቢብ አማርኛ አትሰማም፤ አንዷን ቃል ግን ለየች። "እንታይ ይብል ኣሎ፣ ምን እያለ ነው? ሽፍታ ነው የሚለው?" አለች። "ማነው ሽፍታው? ሃብተሚካኤል?" ከዚያ የክፍሉን አቀማመጥ፣ በአጭሩ የተከረከመ ጸጉሩን፣ ሰዓቱን አየች። "ይህ ሰው ምንድን ነው?"

ክፍሉ ተነሣ። የበሩን ጉበን ይዞ "እኔ..." አለና ወጣ። ስኳሩ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀረ።

ያን ዕለት ኣብርሄት ለእኅቷ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጃንጥላውን፣ የነፋሲቱን ቁልቋል፣ የወይዘሮ የሺሀረግን ነጠላ። ዘቢብ እስክትጨርስ አዳመጠቻት።

"ስለዚህ አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ያኔ ሞቶ ነበር" አለች።

"እወ።"

"ሃብተሚካኤል ደግሞ ይኖር ነበር።"

"ዘቢብ፣ ሌላ ሰው ይልኩ ነበር። አንድ ሰው ብቻ አይደለም ያላቸው።"

"እሱን ተይው። አሁንም የምታጥፊለት አንቺ ነሽ?"

"እኔ ሰው አልገድልም!" አለች ኣብርሄት ጮክ ብላ።

"ግደዪ አላልኩሽም። አንድ ቀን ይድከምሽ እንጂ። ሰው አይደክመውም?" ዘቢብ ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ ቀን በኋላ ደግማ አላነሣችውም፤ ኣብርሄት ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሳትሰማው የዋለችበት ሰዓት አልነበረም። እኅቷን ስታጎርሳት፣ ቁስሏን ስታጥብ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ያ ቃል አብሯት ነው።

በየካቲት የክፍሉ ጃንጥላ ተራው ደረሰ። የአምሳ አለቃ ንዋይ ፊቷን አይተው "ዛሬ ደህና አይደለሽም፤ ለሌላ ልስጠው?" አሏት። "ደህና ነኝ" አለች። ሠላሳ ጊዜ የሠራችው ሥራ ነው። ጨርቁን ዘረጋች፤ ገመዱን ለየች፤ አጠፈች። በመሃል ዘቢብ ማታ ማታ ልብስ ለመቆለፍ በጥርሷ ስትታገል ታየቻት። ቀና ስትል ጃንጥላው ታሽጎ፣ ካርዱ ተፈርሞ ተቀምጧል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሻሂ ይዛ ቆማ ሳለ ሁለት ጄቶች ተነሡ። አንደኛው የክፍሉ ነው። የከፍታ አገር አየር ሳሳ ያለ ነውና ሜዳውን ጨርሰው በጭንቅ ነው የሚለቁት፤ ኣብርሄት በዓይኗ ስትከተለው የትናንቱን ሥራዋን በሐሳቧ ደገመችው። ከአሥራ አራተኛው ገመድ በኋላ ያደረገችውን አታስታውስም። እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው፤ አሥራ አራተኛው ላይ ስትደርስ ጨለማ ነው። ሁሌ የምታደርገውን አድርጋ ይሆናል። ሳታደርግ ቀርታ ይሆናል። ብርጭቆዋን ጥላ ወደ አምሳ አለቃ ንዋይ ሮጠች።

"ጋሼ፣ ያስመልሱት! የክፍሉን ጃንጥላ እንዴት እንዳጠፍኩት አላውቅም!"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አላውቅም። እኅቴ... የእኅቴ መንደር... አላውቅም ጋሼ፣ ያስመልሱት።"

የአምሳ አለቃው በሩን ዘጉ። የሷ ስም በዚያን ጊዜ ከዚህ ነገር ጋር ከተነሣ ወደ የት እንደምትወሰድ ሁለቱም ያውቃሉ። ትንሽ አሰቡና ስልኩን አነሡ። "የበረራ መቆጣጠሪያ ማማ? የመቶ አለቃ ክፍሉ የጃንጥላ ካርድ ላይ ቀኑ ተሳስቷል፤ ደንብ ነውና ይመለስ" አሉ። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ሳቀ፤ ኣብርሄትም ሰማችው። "ለቀን ስህተት ከግዳጅ አልመልስም፤ ሲወርድ አስተካክሉት" ብሎ ዘጋ።

"ግዳጅ ነው" አሉ የአምሳ አለቃው።

ኣብርሄት ወደ ውጭ ወጣች። ሽቦው አጠገብ ቆመች። የት እንደሄደ ታውቃለች፤ ምን እንደያዘም አይታለች። በዚያች ሰዓት አንድ ሌላ ዘቢብ አውድማ ላይ ቆማ ይሆናል። እሷ ግን "በሰላም መልሰው፣ በሰላም መልሰው" እያለች ትጸልይ ነበር፤ ጸሎቷ ለማን እንደሚደርስ፣ በማን ላይ እንደሚደርስ እያወቀች። ወዲያው ደግሞ "እነሱንም ሰውራቸው" ትላለች። ሁለቱ ጸሎት ባንድ አፍ አልወጣ ይላታል። እንደዚያ ያለ ሃምሳ ደቂቃ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠማትም።

ሁለቱም ተመልሰው አረፉ። የአምሳ አለቃ ንዋይ ራሳቸው እያነከሱ ሄደው ጃንጥላውን ተቀበሉ። ክፍሉ ሽቦው አጠገብ አያት፤ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው ፈቱት፤ እሷ አጠገባቸው ቆማ። ሁለት ገመዶች በጨርቁ አናት ላይ ተሻግረው ተኝተዋል። በቀስታ ሲከፈት ምንም አይደለም። በዚያ ፍጥነት የወጣ ሰው ላይ ቢከፈት ግን ጨርቁን ለሁለት ይሰነጥቀዋል።

የአምሳ አለቃው በገዛ እጃቸው ገመዶቹን መለሱ። ካርዱን ቀድደው ኪሳቸው ከተቱ።

"አስበሽበት ነው?" አሏት።

"አላውቅም ጋሼ። በመድኃኔ ዓለም አላውቅም። ሐሳቡ ልቤ ውስጥ ነበረ። እጄ ሰምቶት ይሁን ደክሞት ይሁን አላውቅም።"

"እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ታመሻል። ዓይኔ አልታይ አለኝ ትያለሽ። ከገና ወዲህ ያጠፍሻቸውን ሁሉ እኔ ዛሬውኑ ፈትቼ አያቸዋለሁ። ለማንም እንዳትናገሪ።" በሩ ድረስ ሸኟት። "ልፈርድብሽ አልችልም፤ ግን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለተኛ እንዳላይሽ።"

"የቐንየለይ" አለች፤ "አመሰግናለሁ" የሚለው አማርኛ ጠፍቶባት።

ክፍሉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓባ ሻውል መጣ። አልገባም፤ መተላለፊያው ላይ ቆሞ አስጠራት። ሲቪል ለብሷል፤ ከስቷል።

"ለምን ተውሽን እትዬ? ዓይኗን ታመመች አሉኝ።"

ኣብርሄት የአምሳ አለቃውን ማሳሰቢያ ታውቃለች። ግን እዚያ ፊት ለፊቷ ቆሞ እትዬ ሲላት መዋሸት አልቻለችም። "ዓይኔ ደህና ነው። የመጨረሻውን ጃንጥላህን አበላሽቼው ነበር። ገመዱ በአናቱ ላይ ተሻግሮ ነበር።"

ክፍሉ ቀና ብሎ አያት። "ለእኅትሽ ብለሽ ነው?"

"እሱን እኔም አላውቀውም።"

ይቆጣል ብላ ነበር። አልተቆጣም። ግድግዳውን ተደግፎ "ለእናቴ አልጽፍላትም" አለ። "አንቺ መልካም ሰው እንደሆንሽ ታስብ።" ሊሄድ ዞረ፤ ተመልሶም "ሌላ ቦታ እንዲያዛውሩኝ አመልክቻለሁ። እዚያም ቢሆን የሚሰጡን ካርታ ነው" አለ። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ፣ ውሃ የተሸከመች ሴት እስክታልፍ ድረስ ሁለቱም ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ቆሙ። ከዚያ ሄደ። በክረምቱ ወደ ደብረ ዘይት እንደተዛወረ ሰማች፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ አላወቀችም።

ኣብርሄት ለዘቢብ የሆነውን ነገረቻት። ዘቢብ እንደጠበቀችው አልተደሰተችም። "በሰላም ወረደ?" አለች። "ወረደ" አለቻት። ዘቢብ ራሷን ነቀነቀች፤ ይሁን ማለቷ ነው፣ አይሁን ማለቷ፣ ኣብርሄት አልጠየቀችም።

ሁለቱ እኅትማማች አብረው ኖሩ። ኣብርሄት አንዲት የእጅ መዘውር ያላት አሮጌ የስፌት መኪና አግኝታ የተማሪ ልብስ መስፋት ጀመረች፤ ዘቢብ በደህናዋ እጅ መዘውሩን ታዞራለች። ሥራው ያጠግባቸዋል እንጂ አያተርፍም። ጄት ባለፈ ቁጥር ዘቢብ መዘውሩን ለቅቃ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች፤ ኣብርሄት ወርዳ አጠገቧ ትቀመጣለች። ድምፁ የሚመጣው ጄቱ ካለፈ በኋላ መሆኑን፣ ከሰሙት አደጋው እንዳለፈ ስንት ጊዜ አስረድታታለች። ዘቢብ ትሰማታለች፤ ታምናታለችም። በሚቀጥለው ጊዜ ግን እንደገና ትገባለች፤ ኣብርሄትም ጨርቁን ከመርፌው ሥር እንዳለ ትታ ትወርዳለች።